ከፓርቲው ጋር የሚከራከር ክንፍ፦ የጀርመን አረንጓዴ ወጣቶች

የፖለቲካ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ በሁለት ወገን የሚጎተት ድርጅት ነው። የፓርቲው አካል በመሆኑ ፓርቲው ሲያሸንፍ አብሮ ይደሰታል፤ ሲወድቅም አብሮ ይወድቃል። የአባላቱ ዕድሜና ኑሮ ግን ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለአደባባይ ሰልፉ ይቀርባል። ብዙ ፓርቲዎች ይህን ክንፍ የሚፈልጉት በምርጫ ሰሞን የቅስቀሳ ጉልበት እንዲሆናቸውና የነገ መሪዎችን እንዲያፈራላቸው ነው። በኢትዮጵያም «የወጣቶች ሊግ» ሲባል በአመዛኙ ወደ አእምሮ የሚመጣው ይኸው ነው። የአካባቢ ጥበቃን መነሻው ባደረገ ፓርቲ ውስጥ ግን አንድ ሌላ ተግባር ይጨመራል። ዛሬ የሚነድደው ከሰል ነገ የሚያመጣውን ሙቀት ለረጅም ዘመን የሚኖርበት ፈቃዱን የፈረመው ሚኒስትር አይደለም፤ አሁን አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ተማሪ ናት። እንዲህ ባለ ፓርቲ ውስጥ ወጣቱ የሚናገረው ባለጉዳይ ሆኖ ነው። ከዚህም የተነሣ ከታላላቆቹ ጋር የመከራከር መብቱ ለፓርቲው የህልውና ያህል አስፈላጊ ይሆናል፤ ፓርቲው መንግሥት ሲሆን ደግሞ ትልቁ የራስ ምታቱ ይኸው መብት ነው።

ይህን ለመረዳት የጀርመን አረንጓዴዎች ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። ፓርቲያቸው በአንድ ትልቅ የኢንዱስትሪ አገር ሁለት ጊዜ የፌዴራል ጥምር መንግሥት አባል ሆኗል፤ መጀመሪያ ከ1998 እስከ 2005፣ ቀጥሎም ከ2021 እስከ 2025። የወጣት ክንፉ በጀርመንኛ «ግሩነ ዩገንድ»፣ በአማርኛ «አረንጓዴ ወጣቶች» ማለት ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓርቲው የተመሠረተው በጃንዋሪ 1980 በካርልስሩኸ ከተማ ነው። ከመሠረቱት መካከል የኑክሌር ኃይል ተቃዋሚዎች፣ የሰላም እንቅስቃሴ ሰዎች፣ የሴቶች መብት ተሟጋቾችና ከ1960ዎቹ የተማሪ ንቅናቄ የተረፉ ግራ ዘመሞች ነበሩ። በ1975 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በቪዩል መንደር ሊሠራ የታቀደውን የኑክሌር ማመንጫ ገበሬዎች፣ የወይን አልሚዎችና ተማሪዎች የግንባታውን ቦታ በመያዝ አስቁመውት ነበር፤ ከዚያ የተገኘው ድፍረት ለፓርቲው መወለድ ብዙ አስተዋጽኦ አድርጓል። በ1983 አረንጓዴዎቹ 5.6 በመቶ ድምፅ አግኝተው ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ወደ ቡንደስታግ ገቡ። ብዙዎቹ ተመራጮች ከረባት ያላሰሩ፣ የሹራብ ልብስ የለበሱ፣ ተክልና አበባ የያዙ ነበሩ። ያን ጊዜ ፓርቲው አገር አቀፍ የወጣቶች ክንፍ አልነበረውም። ራሱ የወጣቶች ፓርቲ ስለነበር የተለየ ክንፍ ብዙም አያስፈልገውም ነበር ማለት ይቻላል።

ዕድሜ ግን አይጠብቅም። አሥር ዓመት ሳይሞላ መሥራቾቹ የልጆች ወላጆች፣ የምክር ቤት አባላትና የክፍለ ግዛት ሚኒስትሮች ሆኑ። በ1990 ጀርመን በተዋሐደች ማግስት በተደረገው ምርጫ የምዕራቡ አረንጓዴዎች 4.8 በመቶ ብቻ አግኝተው የ5 በመቶውን ገደብ ማለፍ አቃታቸው፤ ከቡንደስታግም ወጡ። በምክር ቤቱ የቀሩት በምሥራቁ ክፍል የተመረጡ ጥቂት ተወካዮች ነበሩ። በ1993 የምዕራቡ አረንጓዴዎች ከምሥራቁ የሰብዓዊ መብት ታጋዮች ስብስብ፣ ከ«ጥምረት 90» ጋር ተዋሐዱ፤ የፓርቲው ሙሉ ስም እስከ ዛሬ የሁለቱ ጣምራ ነው። የወጣቶቹ ድርጅት የተወለደው በዚህ የመልሶ ግንባታ ወቅት፣ በጃንዋሪ 1994 በሃኖቨር ከተማ ነው። የመጀመሪያ ስሙ «አረንጓዴና አማራጭ የወጣቶች ጥምረት» ነበር። የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ የወጣት ማኅበር ከ1947 ጀምሮ የኖረ ነው፤ የሶሻል ዴሞክራቶቹም ከዚያ የሚቀድም ታሪክ አለው። አረንጓዴዎቹ ከተመሠረቱ 14 ዓመት ቆይተው መምጣታቸው እንደ መዘግየት ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ወጣቶቹ በክንፍነት የተሰለፉት ከላይ ትእዛዝ ወርዶላቸው ሳይሆን በራሳቸው ተነሣሽነት መሆኑ በኋላ ላሳዩት ጠባይ መሠረት ሆኗል። ጥምረቱ ውሎ አድሮ ስሙን ወደ «አረንጓዴ ወጣቶች» ለወጠ፤ በ2001 ደግሞ በፓርቲው ሕግ የፓርቲው አካል መሆኑ ታወቀ።

አደረጃጀቱ ከዋናው ፓርቲ ብዙ ወርሷል። ሊቀመንበር የለውም፤ እኩል ሥልጣን ያላቸው ሁለት ቃል አቀባዮች አሉት። ቢያንስ ግማሹ የኃላፊነት ቦታ ለሴቶች እንዲሆን ፓርቲው በ1986 የደነገገው ደንብ በወጣቶቹም ዘንድ ይሠራል። ከዚህ አልፎ ግን ወጣቶቹ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ማንም ሰው የፓርቲው አባል ሳይሆን የወጣት ክንፉ አባል መሆን ይችላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ድንጋጌ ትልቅ ውጤት አለው፤ ለፓርቲው ታማኝነቱን ሳያረጋግጥ፣ ስለ አየር ንብረት ወይም ስለ ስደተኞች ስለተቆረቆረ ብቻ የሚመጣ ተማሪ በሩ ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። የዕድሜ ገደቡም 28 ዓመት ነው፤ በክርስቲያን ዴሞክራቶቹና በሶሻል ዴሞክራቶቹ ወጣቶች ዘንድ ገደቡ 35 ነው። ሰባት ዓመት ልዩነት ብዙ ነው። በ35 ዓመቱ የወጣት መሪ የሆነ ሰው በአብዛኛው የከተማ ወይም የክልል ምክር ቤት ወንበር ያየ፣ በፓርቲው መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ነው፤ የ22 ዓመቷ ቃል አቀባይ ግን ገና የምታጣው ሹመት የላትም። ድፍረቱም፣ አንዳንዴ የሚታየው ችኮላም ከዚህ ይመነጫል። ጉዳቱ ደግሞ የልምድ ማነስ ነው፤ አመራሩ በፍጥነት ስለሚቀያየር በአንድ ጉባኤ የተሸነፉ ሰዎች የተማሩትን ትምህርት ለሚቀጥሉት ሳያስተላልፉ ይሄዳሉ።

ክንፉ የሚተዳደረው ከፓርቲው በሚመደብለት በጀት፣ በአባላት መዋጮና በመንግሥት ድጋፍ ነው። በጀርመን የፖለቲካ ፓርቲ ወጣቶች ለዴሞክራሲ ትምህርት የሚሰጡት አገልግሎት እንደ ሕዝብ ጥቅም ስለሚቆጠር ከፌዴራሉ የወጣቶች በጀት ድርሻ ያገኛሉ። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚውለው ለሥልጠና ነው፤ የቅዳሜና እሑድ ሴሚናሮች፣ የበጋ ካምፖች፣ የንግግርና የስብሰባ አመራር ልምምድ፣ የአየር ንብረት ሳይንስና የማኅበራዊ ፍትሕ ጥናት። በየከተማው የሚገኙት ቡድኖች ሥራ በዜና የማይወራ ነው። አውቶቡስ በማይበዛባት የገጠር ከተማ ለወጣቶች የሌሊት ትራንስፖርት እንዲኖር ፊርማ ማሰባሰብ፣ የቀኝ ጽንፈኞች ሰልፍ ሲጠሩ የተቃውሞ ሰልፍ ማደራጀት፣ በምርጫ ጊዜ ቤት ለቤት መዞር የመሳሰለው ነው። ድርጅቱን በሕይወት የሚያቆየው በየከተማው የሚሠራው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

በዚህ ትምህርት ቤት ያለፉ ሰዎች ወዴት እንደደረሱ ማየት የክንፉን ክብደት ያሳያል። ከ2006 እስከ 2008 ቃል አቀባይ የነበረው ያን ፊሊፕ አልብሬሽት በ2009 ለአውሮፓ ፓርላማ ተመረጠ፤ ዛሬ በመላው አውሮፓ የግለሰብ መረጃ የሚጠበቅበትን፣ በሜይ 2018 ሥራ ላይ የዋለውን ደንብ በፓርላማው በኩል ይዞ የተደራደረው እርሱ ነው። የአውሮፓ ወጣት አረንጓዴዎች ፌዴሬሽን ቃል አቀባይ የነበሩት ስካ ኬለርና ቴሪ ራይንትከ ተራ በተራ በአውሮፓ ፓርላማ የአረንጓዴዎቹን ቡድን በጋራ ሊቀመንበርነት መርተዋል። ከ2017 እስከ 2019 የአረንጓዴ ወጣቶች ቃል አቀባይ የነበረችው ሪካርዳ ላንግ ደግሞ በ2022 መጀመሪያ፣ ገና በ28 ዓመቷ፣ የዋናው ፓርቲ ተባባሪ ሊቀመንበር ሆነች።

ወጣቶቹ በፓርቲው ላይ ያላቸው ጫና እጅግ የበረታው ከ2018 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ኦገስት ስዊድናዊቷ ግሬታ ቱንበርግ የጀመረችው የትምህርት ቤት አድማ ወደ ጀርመን ሲዛመት «ዓርብ ለመጪው ጊዜ» የተባለው ንቅናቄ በአንድ ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ለሰልፍ አስወጣ። ንቅናቄው ከፓርቲዎች ነጻ ነኝ ቢልም ከአረንጓዴ ወጣቶች ጋር የሚጋራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። በሜይ 2019 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ አረንጓዴዎቹ በጀርመን 20.5 በመቶ አገኙ፤ ከ25 ዓመት በታች ካሉት መራጮች ከሦስቱ አንዱ ያህል የመረጠው እነርሱን ነበር። የወጣት ክንፉ አባላትም በዚያው ሰሞን ከ10 ሺህ አለፉ።

የዚህ ዘመን ትልቁ የወጣቶች ድል የተገኘው በፍርድ ቤት ነው። የጀርመን መንግሥት በ2019 ያወጣው የአየር ንብረት ሕግ እስከ 2030 ድረስ የሚቀነሰውን የብክለት መጠን ሲወስን ከዚያ በኋላ ያለውን ሳይተምን ተወው። የንቅናቄው ፊት መሪና የአረንጓዴዎቹ አባል ሉዊዛ ኖይባወር፣ ባሕር ሊውጠው በሚችል ደሴት የሚኖሩ ወጣቶች፣ ሌሎችም ለፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2021 ወስኖ በኤፕሪል ባወጣው ብይን ሕጉ በከፊል ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል አለ። የብይኑ ምክንያት ለአካባቢ ጥበቃ ፖለቲካ ሁሉ መሠረታዊ ነው፤ የዛሬው ትውልድ የተፈቀደውን የብክለት መጠን ከሞላ ጎደል ከጨረሰው፣ መጪው ትውልድ ነጻነቱን በሙሉ የሚነካ ከባድ ገደብ ለመሸከም ይገደዳል፤ ስለዚህ ሸክሙ በትውልዶች መካከል በተመጣጠነ መንገድ መከፋፈል አለበት። መንግሥት በወራት ውስጥ ሕጉን አሻሻለው። በ2030 ከ1990ው መጠን አንጻር ሊቀነስ ታስቦ የነበረው 55 በመቶ ወደ 65 በመቶ ከፍ አለ፤ የካርቦን ሚዛን የሚጠበቅበት ዓመትም ከ2050 ወደ 2045 ቀረበ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እያሉ ሰልፈኞቹን ሲያቃልሉ ለነበሩ ሁሉ የአገሪቱ ከፍተኛ ዳኞች የሰጡት መልስ ልጆቹ ባለመብት መሆናቸውን ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር በተደረገው ምርጫ አረንጓዴዎቹ እስከዚያ ካገኙት ሁሉ የሚበልጥ 14.8 በመቶ ድምፅና 118 መቀመጫ አግኝተው ከሶሻል ዴሞክራቶቹና ከነጻ ዴሞክራቶቹ ጋር መንግሥት መሠረቱ። ሮበርት ሃቤክ የኢኮኖሚና የአየር ንብረት ሚኒስትር፣ አናሌና ቤርቦክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የክንፉ ፈተና የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ጀርመን በርካሽ የሩሲያ ጋዝ ላይ የገነባችው ኢኮኖሚ ተናጋ። ለጦር ኃይሉ 100 ቢሊዮን ዩሮ ልዩ ፈንድ እንዲመደብ ሲወሰን አረንጓዴ ወጣቶች ተቃወሙ፤ ክርክራቸው ለጦር መሣሪያ በአንድ ጀምበር የተገኘ ገንዘብ ለባቡር፣ ለትምህርት ቤትና ለአየር ንብረት እንዴት ታጣ የሚል ነበር። ዋናው ፓርቲ ግን በጦርነቱ ፊት ይህን ክርክር ለመስማት ጊዜ አልነበረውም።

ከሁሉ ይልቅ የከረረው ፀብ የተነሣው በሉትሰራት ነው። ሉትሰራት በሰሜን ራይን ቬስትፋልን ክፍለ ግዛት፣ ጋርትስቫይለር በተባለው ግዙፍ የቡናማ ከሰል ማውጫ ጫፍ ላይ የነበረች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዎቿ ካሳ ተቀብለው ከወጡ በኋላ የአየር ንብረት ተሟጋቾች ባዶዎቹን ቤቶች ያዙ፤ በዛፎቹም ላይ ጎጆ ሠርተው ተቀመጡ። በኦክቶበር 2022 ሃቤክ፣ የክፍለ ግዛቲቱ ሚኒስትር ሞና ኖይባወርና ከሰል አውጪው ኩባንያ አርደብልዩኢ ስምምነት ላይ ደረሱ። ሁለቱም ሚኒስትሮች አረንጓዴ ናቸው። በስምምነቱ መሠረት በራይን አካባቢ ከሰል የማቃጠሉ ሥራ በ2038 መቆሙ ቀርቶ በ2030 ይቆማል፤ ለመፍረስ ታስበው የነበሩ አምስት ሌሎች መንደሮች ይተርፋሉ፤ በለውጡ ሉትሰራት ትፈርሳለች፤ በጋዝ ችግሩ ምክንያትም ሁለት የከሰል ማመንጫዎች ከታቀደው ጊዜ በላይ ይሠራሉ። ለሚኒስትሮቹ ይህ ስምንት ዓመት ያተረፈ ድል ነው። ለወጣቶቹ ደግሞ ቁልፉ ቁጥር የዓመቱ ሳይሆን ከመሬት የሚወጣው ከሰል ነበር፤ እስከ 2030 የሚቃጠለው መጠን ካልቀነሰ የማብቂያው ቀን መቅረቡ ለአየሩ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከፓርላማ ሒሳብ ይልቅ ለፊዚክስ የሚቀርበው ግን የወጣቶቹ አቋም ነው።

በዚያው ወር በቦን በተካሄደው የፓርቲው ጉባኤ ወጣቶቹ የመንደሯ መፍረስ እንዲታገድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። በ294 ድጋፍና በ315 ተቃውሞ ወደቀ። ሚኒስትሮቹ በአካል ተገኝተው በተከራከሩበት አዳራሽ፣ የአንድ ፓርቲ የወጣት ክንፍ ከተወካዮቹ ግማሽ ያህሉን ማሳመኑ የፓርቲው ልብ ምን ያህል እንደተከፈለ ያሳያል። በጃንዋሪ 2023 ፖሊስ ወደ መንደሯ ገባ። ጭቃ በሸፈነው ማሳ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጣ፤ ግሬታ ቱንበርግም ከሰልፈኞቹ መካከል ነበረች። የአረንጓዴ ወጣቶች አባላት በአንድ ወገን፣ አረንጓዴ ሚኒስትሮች ያሉበት መንግሥት ፖሊሶች በሌላ ወገን ቆሙ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሉትሰራት ፈረሰች። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የመጨረሻዎቹ ሦስት የኑክሌር ማመንጫዎች ሲዘጉ ፓርቲው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የታገለለት ዓላማ ተሳካ፤ ብዙ ወጣቶች ግን የሉትሰራት ቁስል ስላልሻረላቸው ደስታው ሙሉ አልሆነም።

ቀጥሎ የመጣው የስደተኞች ጉዳይ ነው። በ2023 የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በድንበር ላይ የሚካሄድ ፈጣን የጥገኝነት ምርመራን በሚጨምር ሕግ ላይ ሲስማሙ የጀርመን መንግሥትም ተስማማ። በኖቬምበር 2023 በካርልስሩኸ ጉባኤ ወጣቶቹ የፓርቲው ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት የጥገኝነት መብትን ይበልጥ ለሚያጠብ ሕግ ዳግመኛ እንዳይስማሙ የሚያስገድድ ሐሳብ አቀረቡ። የፓርቲው መሪዎች ይህ ከጸደቀ በመንግሥት ውስጥ መቆየት አይቻልም ብለው ተከራከሩ፤ ጉባኤውም ሐሳቡን ውድቅ አደረገው። ከዚህ በኋላ በወጣቶቹ አመራር ዘንድ ጥያቄው ተለወጠ። ቀድሞ የሚጠይቁት ፓርቲውን እንዴት እንግፋው ብለው ነበር፤ አሁን ደግሞ ይገፋልን ይሆን ወይ ማለት ጀመሩ።

በጁን 2024 የአውሮፓ ምርጫ የጀርመን ወጣቶች ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ እንዲመርጡ ተፈቀደ። ይህ አረንጓዴ ወጣቶች ለዓመታት የጠየቁት መብት ነው። ውጤቱ ግን ለእነርሱ መራራ ሆነ፤ አረንጓዴዎቹ ወደ 11.9 በመቶ ወረዱ፤ ከ25 ዓመት በታች ከሆኑት መራጮች የሰጧቸውም ከአሥሩ አንዱ ብቻ ያህል ነበር። በሴፕቴምበር በምሥራቅ ጀርመን ሦስት ክፍለ ግዛቶች በተደረጉት ምርጫዎች ፓርቲው ከቱሪንገንና ከብራንደንቡርግ ምክር ቤቶች ወጣ። ሴፕቴምበር 25 ቀን ሪካርዳ ላንግና ኦሚድ ኑሪፑር ከሊቀመንበርነት እንደሚለቁ አስታወቁ። በዚያው ዕለት ምሽት ካታሪና ሽቶላና ስቬንያ አፑን የሚመሩት የአረንጓዴ ወጣቶች ሥራ አስፈጻሚ በሙሉ ኃላፊነቱን እንደሚተውና ከፓርቲውም እንደሚወጣ ገለጸ። ያቀረቡት ምክንያት ግልጽ ነበር። ፓርቲው ከሌሎቹ ፓርቲዎች እየተመሳሰለ ሄዷል፤ ከሀብታሞችና ከትላልቅ ኩባንያዎች ጋር ለመጋጨት ፈቃደኛ አይደለም፤ የአየር ንብረት ፖሊሲ የድሀውን ኪስ ሳይጎዳ እንዲሳካ ደግሞ ይህ ግጭት ግድ ነው። የወጡት «ለአዲስ ነገር ጊዜው ነው» የሚል ስብስብ መሠረቱ።

ይህ እርምጃ ከሁለት ወገን ይመዘናል። ወጣቶቹ ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ የቤት ማሞቂያ ለውጥ ወጪን በተመለከተ በ2023 በጀርመን የተነሣው ቁጣ፣ ማኅበራዊ ማካካሻ የሌለው የአየር ንብረት ሕግ ሕዝቡን እንደሚያርቅ አሳይቷል። መውጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በቦን ጉባኤ 294 ሰዎች ከጎናቸው ቆመው ነበር፤ እነዚያ ሰዎች በፓርቲው ውስጥ ሲቀሩ አስተባባሪዎቻቸው ሄዱ። የወጣት ክንፍ የሚያስፈራው በጉባኤ አዳራሽ ድምፅ ሲያሰባስብ ነው፤ ከአዳራሹ ከወጣ በኋላ ሚኒስትሩን የሚያስጨንቀው ነገር ይቀንሳል።

ይህን የኦስትሪያ አረንጓዴዎች ከጀርመኖቹ ሰባት ዓመት ቀድመው፣ በተገላቢጦሽ መንገድ አይተውታል። በ2017 በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ምክንያት የፓርቲው አመራርና የወጣት ክንፉ ተጣሉ፤ በጊዜው ሊቀመንበር በነበረችው በኤቫ ግላቪሽኒግ ዘመን ፓርቲው ወጣቶቹን አባረረ። ግላቪሽኒግ ራሷም ብዙ ሳትቆይ ከሥልጣን ወረደች። ወጣቶቹ ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር ተጣምረው ለምርጫ ቢቀርቡም አንድ በመቶ እንኳ አላገኙም። አረንጓዴዎቹ ደግሞ በኦክቶበሩ ምርጫ 3.8 በመቶ ብቻ አግኝተው፣ ከ1986 ጀምሮ ሳይለቁ ከተቀመጡበት ምክር ቤት ወጡ። ለውድቀቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ነባሩ የምክር ቤት አባል ፔተር ፒልትስ ተለይቶ የራሱን ዝርዝር ማቅረቡ ዋነኛው ነው። ያም ሆኖ በምርጫው ዓመት የወጣት ጉልበቱን ያባረረ ፓርቲ በየመንገዱ የሚቀሰቅስለት ሰው ማጣቱ የማይቀር ነበር። በ2019 በ13.9 በመቶ ተመልሶ ሲመጣ የአየር ንብረት ሰልፈኞቹ ማዕበል ደግፎት ነው።

በጀርመን ክንፉ አልፈረሰም። በኦክቶበር 2024 በላይፕሲግ በተደረገው ጉባኤ ዬተ ኒትሳርድና ያኮብ ብላዘል ቃል አቀባይ ሆነው ተመረጡ፤ ብላዘል «ዓርብ ለመጪው ጊዜ»ን በጀርመን ካቋቋሙት አንዱ ነው። በኖቬምበር ጥምር መንግሥቱ ፈረሰ፤ በፌብሩዋሪ 2025 ምርጫ አረንጓዴዎቹ 11.6 በመቶ አግኝተው ወደ ተቃዋሚነት ተመለሱ። ከ25 ዓመት በታች ከሆኑት መራጮች ሩብ ያህሉ የግራ ፓርቲውን መረጠ፤ የኪራይ ዋጋንና የኑሮ ውድነትን የመጀመሪያ አጀንዳው ያደረገው ይህ ፓርቲ ሲሆን፣ ከፓርቲው የወጡት ወጣቶች ያነሡት ጉዳይም ይኸው ነበር። ፓርቲው ከወጡት ሰዎች ጋር ቢለያይም ከጥያቄያቸው ግን ማምለጥ አልቻለም።

ይህ ዓይነቱ ድርጅት የአውሮፓ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ወጣት አረንጓዴዎች ፌዴሬሽን በ1988 የተቋቋመ ሲሆን ዓለም አቀፉ የወጣት አረንጓዴዎች መረብ የተመሠረተው ግን በጃንዋሪ 2007 በናይሮቢ ነው። በዚያው ወር የዓለም ማኅበራዊ መድረክ በከተማዪቱ ይካሄድ ነበር። ናይሮቢ ለዚህ ተገቢ ቦታ ነበረች። ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የጀመረችው የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄ በገጠር ሴቶች እጅ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዛፎችን አስተክሏል፤ እርሷም በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆናለች። ማታይ «ማዚንጊራ አረንጓዴ ፓርቲ»ን መሥርታለች፤ የምክር ቤት አባልና ረዳት ሚኒስትር ሆናም ሠርታለች። ለአፍሪካ ወጣት አረንጓዴዎች ግን ችግሩ ከጀርመኖቹ የተለየ ነው። በምክር ቤት የጠነከረ አረንጓዴ ፓርቲ ባለበት አገር ክንፉ የሚገፋው አካል አለው፤ ፓርቲው ራሱ ደካማ ሲሆን ወጣቶቹ ክንፍም ፓርቲም ሆነው ለመቆም ይገደዳሉ።

የጀርመን አረንጓዴዎች ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ቀጥተኛ ግንኙነት በወጣት ክንፉ በኩል ሳይሆን ለፓርቲው ቅርብ በሆነው በሃይንሪሽ ቦል ድርጅት በኩል ነበር። በኖቤል ተሸላሚው ጀርመናዊ ደራሲ ስም የተሰየመው ይህ ድርጅት ለተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ ይሰጣል፤ ከ2022 ጀምሮ ከመሪዎቹ አንዱ የቀድሞው የአረንጓዴ ወጣቶች ቃል አቀባይ ያን ፊሊፕ አልብሬሽት ነው። ድርጅቱ በአዲስ አበባ ቢሮ ነበረው። የ2009ኙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ ለሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከውጭ የሚገኘውን ገንዘብ በ10 በመቶ ሲገድብ ድርጅቱ አጋሮቹን እንደ ልቡ መደገፍ አልቻለም፤ በ2012 መጨረሻም ይህን በመቃወም ቢሮውን ዘጋ። አዋጁ በ2019 በሌላ ተተክቷል፤ የ10 በመቶው ገደብም ተነሥቷል።